በ‹መ› የሚጀምር ሁሉ፦ ስለ ፖላንድ ሳይንሳዊ ልብ ወለድና ስለ እንግሊዝኛ ትርጉሙ

ክቡራትና ክቡራን፣

ሬያ በምትባል ሴት ዕጣ ለዓመታት ስብሰለሰል ኖሬያለሁ። ተማሪ ሳለሁ ሽፋኑ ተገንጥሎ የወደቀ፣ ገጾቹ በሻይ ጠብታ የተዥጎረጎሩ «ሶላሪስ» የተባለ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ገዝቼ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አንብቤው ነበር። ታሪኩ ክሪስ ኬልቪን የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ሶላሪስ ከተባለች ፈለክ በላይ ወደሚያንዣብብ የምርምር ጣቢያ ሲሄድ የገጠመውን ይተርካል። ፈለኳን የሸፈናት ውቅያኖስ ሕይወት ያለው፣ ምናልባትም የሚያስብ ፍጡር ነው። ኬልቪን እንቅልፍ ወስዶት ሲነቃ፣ ከዓመታት በፊት ከእርሱ ጋር ተጣልታ ራሷን ያጠፋችውን ሴት ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ያገኛታል። ውቅያኖሱ ከትዝታው ቀድቶ የሠራት መሆኗን እርሱ ያውቃል፤ እርሷ ግን አታውቅም። ሰው አለመሆኗን ጥቂት በጥቂት የምትረዳበትን መንገድ ያነበበ ሰው በቀላሉ አይረሳትም፤ እኔም አልረሳኋትም።

ችግሩ የሴትዮዋ ስም ሬያ አለመሆኑ ነው። ፖላንዳዊው ደራሲ ስታኒስዋፍ ሌም መጽሐፉን በፖላንድኛ በ1961 ሲያሳትም (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ስሟን ሃሬይ ብሎ ነበር የጻፈው፤ በእንግሊዝኛው ውስጥ የስሟ አምስት የላቲን ፊደላት ቦታ ተለዋውጠው ሬያ ሆነች። ስናውት የሚባለው ሌላው ሳይንቲስት ደግሞ በእንግሊዝኛ ስኖው፣ ማለትም «በረዶ» ተብሎ ተሰየመ። ለካስ እኔ ሰውየውን ነጭ ፀጉር ያለውና ቀዝቃዛ አድርጌ የሳልኩት በስሙ የተነሣ ኖሯል! ደራሲው ያላሰበው ጥላ ከስሙ ተነሥቶ በባሕርይው ላይ አርፎ ነበር ማለት ነው። ይህን ያወቅሁ ቀን የተሰማኝ ነገር ዓመታት የማውቀው ጎረቤቴ በሐሰት ስም ሲኖር እንደነበረ የሰማሁ ያህል ነበር። ዛሬ ስለ ፖላንድ ሳይንሳዊ ልብ ወለድና ስለ እንግሊዝኛ ትርጉሙ እንድናገር ስጋበዝ በመጀመሪያ የታወሰኝም ይኸው ነው።

ነገሩ እንዴት ሆነ? በ1970 የታተመው የእንግሊዝኛ ሶላሪስ ከፖላንድኛ አልተተረጎመም። ዣን-ሚሼል ያሼንስኮ በ1960ዎቹ ወደ ፈረንሳይኛ የመለሰውን ጆአና ኪልማርቲንና ስቲቭ ኮክስ ከፈረንሳይኛው ወደ እንግሊዝኛ አዞሩት። ሌም እንግሊዝኛ ማንበብ የሚችል ሰው ስለነበር ሥራውን አንብቦ ቅር መሰኘቱን አልደበቀም። የእንግሊዝኛ አንባቢ ግን ለ40 ዓመታት ያህል ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ቢል ጆንስተን በቀጥታ ከፖላንድኛ የተረጎመው በ2011 ብቅ ያለው በድምፅ በተቀዳ መጽሐፍ መልክ ሲሆን፣ ቀጥሎም በኤሌክትሮኒክ ቅጂ ወጣ፤ የወረቀት ኅትመቱ መንገድ ላይ ግን የቀድሞው የመብት ውል ተጋርጦበት ቆየ። እንግዲህ በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሥራዎች አንዱ፣ አንድሬ ታርኮቭስኪ በ1972፣ ስቲቨን ሶደርበርግ ደግሞ በ2002 ፊልም የሠሩበት መጽሐፍ፣ በዓለም በስፋት በሚነበበው ቋንቋ ለ40 ዓመታት ያህል የተነበበው በሁለተኛ እጅ ነው።

በሁለተኛ እጅ መተርጎም ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ከሥነ ጽሑፋችን ምሰሶዎች አንዱ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን «መተርጉም» የሚል ቅጽል የተሰጣቸው ጳጳሱ አባ ሰላማ በነበሩበት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የገቡት መጻሕፍት ብዙዎቹ ቀድሞ ከግሪክኛ ወይም ከቅብጥኛ ወደ ዐረብኛ የተመለሱ ነበሩ። አንጋረ ፈላስፋ በግሪክ ጠቢባን ስም የሚጠቅሳቸው ምክሮች በዐረብኛ በኩል አልፈው ነው እኛ ዘንድ የደረሱት። እነዚያን መጻሕፍት ያነበቡ አባቶቻችን አልከሰሩም። ስለዚህ «ከሦስተኛ ቋንቋ የተተረጎመ ሁሉ ከንቱ ነው» የሚለውን ፍርድ እኔ አልቀበልም። እኔ ራሴ ሬያን የወደድኩት በዚያው በተነቀፈው ትርጉም ነው።

ይልቅ መጠየቅ ያለበት የትኛው መጽሐፍ ይህን ጉዞ እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ መንገድ ላይ እንደሚሞት ነው። ሶላሪስ የቆመው በሁኔታውና በሐሳቡ ላይ ነው። ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ያጠኑት፣ ቤተ መጻሕፍት ሙሉ የጻፉለት፣ ከላዩ ለሚነሡት ግዙፍ ቅርጾች ስም ሲያወጡ የኖሩለት ውቅያኖስ አንድም ቀን መልስ አልሰጣቸውም፤ ሰው ወደ ከዋክብት የሚወጣው ሌላ ዓለም ፈልጎ ሳይሆን ራሱን የሚያይበት መስታወት ፈልጎ ነው የሚለው የስናውት ምሬትም በየትኛውም ቋንቋ ይሰማል። ስሞች ተዛብተው፣ ዐረፍተ ነገሮች ደርቀው፣ የሌም ምፀት ተሸርሽሮ እንኳ ይህ አጥንት አይሰበርም። ጆንስተን የተረጎመውን ሳነብ ያገኘሁት ለውጥ በአብዛኛው የድምፅ ለውጥ ነው፤ ተራኪው ይበልጥ ቀጥተኛ፣ ይበልጥ የሚያፌዝ ሆኖ አገኘሁት፤ ታሪኩ ግን ያው ነበር። በ1964 የወጣውና ሰው አልባ በሆነች ፈለክ ላይ በዝግመተ ለውጥ የተፈጠሩ ጥቃቅን የብረት ነፍሳት መንጋ አንድ ግዙፍ የጠፈር የጦር መርከብን እንዴት እንዳሸነፈ የሚተርከው «የማይበገረው»ም እንዲሁ ነው። ዌንዴይን አከርማን በ1973 ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው፤ ያው ጆንስተን በ2006 ከፖላንድኛ እንደገና ተረጎመው፤ በሁለቱም ጥቁሩ የነፍሳት ደመና ያስፈራል።

ወደ ሌላኛው ዓይነት መጽሐፍ ከመሻገሬ በፊት ስለ ሰውየውና ስለ አገሩ ጥቂት ልበል። ሌም በ1921 የተወለደው ያኔ ፖላንድ ውስጥ በነበረችው፣ ዛሬ ልቪቭ ተብላ በዩክሬን ውስጥ በምትገኘው በልቩፍ ከተማ፣ ከአይሁዳዊ ቤተሰብ፣ ከጆሮና ከጉሮሮ ሐኪም አባት ነው። የናዚን ወረራ በሐሰተኛ ወረቀት፣ በመኪና ሜካኒክነትና በብየዳ ሥራ አለፈው። ከጦርነቱ በኋላ ከተማዋ ወደ ሶቪየት ኅብረት ስትጠቃለል ቤተሰቡ ወደ ክራኮቭ ተሰደደ፤ እዚያም ሕክምና አጠና፤ የመጨረሻውን ፈተና ግን የወታደር ሐኪም እደረጋለሁ ብሎ በመስጋት ሳይወስድ ቀረ። በ1948 የጻፈው የመጀመሪያ ቁም ነገረኛ ልብ ወለዱ የሳንሱሩን ደጅ ሲጠና ቆይቶ የታተመው በ1955 ነው። በ1951 የወጣውና ወደ ቬኑስ ስለሚደረግ ጉዞ የሚያወራው መጽሐፉ ግን ቀደመው። ሰማዩ ከምድሩ ያነሰ ጠባቂ ነበረው ማለት ነው።

ሳንሱር በፖላንድ እስከ 1990 ድረስ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዋርሶ ውስጥ የነበረ፣ የምግብ ዝርዝርን ከሚያህል ወረቀት አንሥቶ ሁሉን የሚያይ ተቋም ነበር። ያኔ ስለ ሌላ ፈለክ የሚጽፍ ሰው ምን እንደሚጽፍ አንባቢው ያውቅ ነበር፤ መርማሪውም ብዙ ጊዜ ያውቃል፤ ግን በወረቀቱ ላይ የሚይዘው ነገር አያገኝም። የኑክሌር ፊዚክስ ባለሙያ የነበረው ያኑሽ ዛይደል በ1984 ባሳተመው «ፓራዲዚያ» ውስጥ ሰዎች ሌት ተቀን በመሣሪያ የሚደመጡበትን ሰው ሠራሽ ዓለም ይሥላል። የዚያ ዓለም ነዋሪዎች ኮአላንግ የተባለ አነጋገር ፈጥረዋል፤ ቃላቱን በተዘዋዋሪ ምስልና በትዝታ ስለሚያያይዟቸው አድማጩ ኮምፒውተር ድምፁን ይሰማል እንጂ ፍሬውን አያገኝም። ይህን ያነበበ የእኛ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ሰምና ወርቅ በብረት ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያገኘው። ዛይደል በ1985 አረፈ፤ የፖላንድ አንባቢዎች በየዓመቱ የሚሰጡት የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሽልማት በስሙ ይጠራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ሌም በ1965 «ሳይቤሪያድ»ን አሳተመ። ርእሱ የሳይበርኔቲክስን፣ ማለትም የማሽኖችንና የሕያዋንን ቁጥጥር የሚያጠናውን ሳይንስ ስም፣ ከሆሜር ኢሊያድ ስም ጋር አጋብቶ የተሠራ ነው፤ ታሪኮቹም ትሩርልና ክላፓውትሲዩስ ስለሚባሉ ሁለት ተፎካካሪ ወዳጆች፣ ራሳቸውም ሮቦት ስለሆኑ ፈልሳፊዎች የሚነገሩ ተረቶች ናቸው። የቋንቋው ድግስ ግን በርእሱ አያበቃም። ሌም በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረውን የባላባቱን የያን ፓሴክን የማስታወሻ ዘይቤ፣ ያንን በላቲን የተቀመመ፣ የሚንቀባረር የድሮ ፖላንድኛ አምጥቶ ከትራንዚስተርና ከአልጀብራ ጋር አጋባው። ለእኛ ጆሮ ለማቅረብ ካስፈለገ፣ የነገሥታት ዜና መዋዕል ጸሐፊ ስለ ኮምፒውተር ብልሽት «ወእምዝ» እያለ ቢተርክ ማለት ነው። ይህ በፈረንሳይኛ ዞሮ የሚመጣ አይደለም። ከፖላንድኛ ጎን ተቀምጦ ሌላ ሳይቤሪያድ ሊሠራ የሚደፍር ሰው ይፈልግ ነበር፤ ተገኘም። ማይክል ካንደል ይባላል፤ በስላቭ ቋንቋዎች የሠለጠነ አሜሪካዊ ነው፤ ትርጉሙ በ1974 ወጥቶ ለአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት በትርጉም ዘርፍ አሳጨው።

ምን እንዳደረገ ለማየት የመጀመሪያውን ተረት ብቻ እንውሰድ። ትሩርል በ‹ን› የሚጀምር ነገር ሁሉ የምትሠራ ማሽን ይሠራል። በፖላንድኛው በመጀመሪያ የምታመርተው ክርና ሰፊዎች ጣታቸው ላይ የሚያጠልቁትን የብረት ቆብ ነው፤ ሁለቱም በፖላንድኛ በ‹ን› ይጀምራሉ። በእንግሊዝኛ አይጀምሩም። ካንደል ስለዚህ መርፌ አስመረታት። ቀጥሎ ክላፓውትሲዩስ ሳይንስን ሥሪ ይላታል፤ በፖላንድኛ «ናውካ» ነው፤ በእንግሊዝኛ ሳይንስ በ‹ን› ስለማይጀምር ካንደል «ተፈጥሮ» ወደሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ዞረ፤ ግቢውን የሞሉት ሰዎችም የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ሆኑ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይህን ተረት ወደ አማርኛ ለመመለስ ተቀምጬ በ‹ነ› ስጀምር ገና ከመነሻው ተሰናከልኩ። የተረቱ ልብ «ምንም» የሚለው ቃል ነው፤ በፖላንድኛ «ኒትስ»፣ በእንግሊዝኛም በዕድል በ‹ን› ይጀምራል፤ የእኛ «ምንም» ግን በ‹መ› ቤት ነው የተወለደው። ስለዚህ ማሽኗን ከነቤተሰቧ ወደ ‹መ› አዛወርኳት። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር እስካሁን ያስደንቀኛል። ካንደል ያስመረታት መርፌ በአማርኛ በ‹መ› ይጀምራል። ሳይንስ አይጀምርም፤ «ምርምር» ግን ይጀምራል፤ ማሽኗም ምርምርን ስትሠራ ግቢው በምሁራን ይሞላል፤ ምሁራኑ ሙግት ይገጥማሉ፤ መጻሕፍት ይጽፋሉ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይቀዳድዳል። ይህ ሁሉ በ‹መ› ነው! ከዚህም በላይ ማሽን በፖላንድኛ አንስታይ ጾታ ናት፤ በእንግሊዝኛ ግዑዝ ሆና ቀርታለች። በአማርኛ ግን «ማሽኗ» ብሎ ማቆላመጥ የሁላችንም ልማድ ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ የጠፋባትን ሴትነት ሳንለፋ መለስንላት።

በተረቱ ውስጥ አንድ ለተርጓሚ የተወረወረ የሚመስል ቀልድ አለ። ትሩርል ማሽኗን «ናትሪየም» እንድትሠራ ያዝዛታል፤ ይህ የሶዲየም የላቲን ስሙ ነው። ይህን በአማርኛ ምን እናድርገው ብዬ ብዙ አሰብኩ፤ ለፖላንዳዊ ላቲን የሆነውን ያህል ለእኛ የሆነ ቋንቋ ከጓዳችን መኖሩ ትዝ ሲለኝ ግን ነገሩ ቀለለ፦

«በይ እስቲ፣ ማይ ሥሪ!» አላት ትሩርል።

«ማይ? እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ማሽኗ።

«ውሃ ነዋ!»

«ውሃማ በ‹ወ› ነው የሚጀምረው፤ እኔ የምሠራው በ‹መ› ብቻ ነው።»

«በግዕዝ እኮ ማይ ይባላል!»

«ወዳጄ፣ በየቋንቋው በ‹መ› የሚጀምረውን ሁሉ መሥራት ብችልማ፣ የማልሠራው ነገር ባልኖረ ነበር፤ በአንዱ ባዕድ ቋንቋ በ‹መ› የማይጀምር ነገር ከየት ይገኛል?»

ከዚያ ክላፓውትሲዩስ «ምንም»ን እንድትሠራ ያዝዛታል። ማሽኗ ዝም ብላ ትቆማለች። እርሱ ይቆጣል፤ ምንም አልሠራሽም ይላታል፤ እርሷ ደግሞ የታዘዘችውን እየሠራች እንደሆነ ትከራከራለች። እዚህ ላይ የፖላንድኛ ሰዋስው ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። ፖላንዳዊ እንደ እኛው «ምንም አይሠራም» ብሎ አሉታውን ይደግማል፤ እንግሊዛዊ ግን አንዱን አሉታ ይበቃዋል። ስለዚህ «ምንም ሥሪ» የሚለው ትእዛዝ ለፖላንዳዊም ለእኛም ጆሮ የሚኮረኩር፣ አንድ እግሩ የጎደለ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ለእንግሊዛዊ ግን የተለመደ አነጋገር ነው። ካንደል ይህንን መኮርኮር ማምጣት አልቻለም፤ ቋንቋው አይፈቅድለትም። ማሽኗ በመጨረሻ ትእዛዙን ከልቧ ስትይዘው የዓለምን ነገሮች አንድ በአንድ ማጥፋት ትጀምራለች። ወደዚህ ቦታ ኋላ እመለሳለሁ።

ሌላው ቦታ ግጥም የምትገጥመው ማሽን ያለችበት ተረት ነው። ሌም ስሟን ከ«ኤሌክትሮ» እና «ሪባልት» ከሚለው የድሮ ፖላንድኛ ቃል አዋልዶ ሰየማት። ሪባልት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ፣ ዜማ የሚያውቅ፣ ከአገር አገር የሚዞር፣ አፉም ስለታም የሆነ ሰው ነበር። እንግሊዝኛው «ባርድ» ብሎ ባለ በገናውን የጥንት ገጣሚ አስታወሰ፤ ደህና ነው፣ ግን ዕጣንና ተንኮሉ ጠፋ። እኛ ሊቀናን የሚቀርበው አዝማሪ ነው፤ እኔ ግን ደብተራ የሚለው ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ቅኔውም፣ የቤተ ክርስቲያን ሽታውም፣ መፈራቱም አብሮት ይመጣልና። ኤሌክትሮ ደብተራ!

ክላፓውትሲዩስ ይቺን ማሽን ለማዋረድ የማይቻል ግጥም ያዝዛታል። በፖላንድኛው ትእዛዙ ስለ ፍቅር፣ ስለ ክህደት፣ ስለ ሙዚቃና ስለ ሌላም ብዙ ነገር የሚናገር፣ ከስድስት መስመር የማይበልጥ፣ ቤት የሚመታ፣ ቃሉም ሁሉ ፖላንዳውያን «ትስ» ብለው በሚያነቡት የላቲን ፊደል የሚጀምር ግጥም ነው። ማሽኗ ሲፕሪያን ስለሚባል፣ የንጉሠ ነገሥት ልጅን በክራር ካማለለ በኋላ ጥሏት አክስትን ስለሚስም ከሃዲ በዚያው ፊደል ታንቆረቁራለች። ካንደል ከዚህ አንዲት ቃል አልተረጎመም። ትእዛዙን ራሱን ቀየረ፦ ርእሱ ፀጉር መቆረጥ ይሁን፣ ግን ከፍ ያለ፣ አሳዛኝ፣ ክህደትና በቀል ያለበት፣ ቃሉ ሁሉ በእንግሊዝኛው ‹ኤስ› የሚጀምር። ማሽኗም ሶምሶንን አስተኝታ ፀጉሩን አስላጨችው። ከሲፕሪያን የቀረ አንድም ነገር የለም፤ ፍቅር አለ፣ ክህደት አለ፣ ትንፋሽ የሚያስውጠው አንድ ፊደል አለ። ቃል በቃል የሚመዝን ሰው ይህን ትርጉም ብሎ አይጠራው ይሆናል። እኔ ግን ከሌም ሥራዎች በእንግሊዝኛ ከታተሙት ሁሉ ከዚህ ገጽ የበለጠ ታማኝ ገጽ አላውቅም፤ ምክንያቱም በፖላንድኛው ገጽ ላይ የነበረው ሲፕሪያን ሳይሆን ድፍረቱ ነበርና።

የሶምሶን ነገር ለእኛም አንባቢ ሩቅ ስላልሆነ፣ በ‹ሰ› ቤት ሰባቱም ሆሄያት ይፈቀዱልኝ ብዬ በአውቶቡስ ላይ የሞከርኳትን ላንብብላችሁ፤ ትእዛዙ ስድስት መስመር ነበር፣ እኔን ግን አራት ላይ ትንፋሽ አጠረኝ፦

ሶምሶን ሲያንቀላፋ ሴቲቱ ሰለለች፣
ሰባቱን ስሮቹን ሳትሳሳ ሰየፈች፤
ሲነቃ ሰንሰለት፣ ሲቃና ሰቀቀን፣
ሰርክ ሲያሰላስል ሲጠብቅ ሰዓቱን።

ግጥሟ ታላቅ አይደለችም። ግን አማርኛ «ሲ» እና «ስት» የሚሉ፣ በግሥ መነሻ የሚቀጠሉ ምዕላዶች ስላሉት ተርጓሚው በ‹ሰ› ቤት እንደልቡ ሊንቀሳቀስ እንደሚችል ሳልሞክራት አላውቅም ነበር። ካንደልም እንግሊዝኛውን ያወቀው እንዲህ እየፈተነው ይመስለኛል። ሌም በፖላንድኛ የጻፈለት ደብዳቤዎች በ2013 በመጽሐፍ ታትመዋል፤ ክራኮቭ የተቀመጠው ደራሲና አሜሪካ የተቀመጠው ተርጓሚ ስለተፈጠሩ ቃላት በውቅያኖስ ማዶ ሲመካከሩ ይታያሉ። እንዲህ ያለ ወዳጅነት በ1970ው ሶላሪስ ዙሪያ አልነበረም።

በትርጉም መንገዶች መለያየት ከተፈጠሩት ነገሮች አንዱ እጅግ ያስቀኛል። አሜሪካዊው ደራሲ ፊሊፕ ኬ. ዲክ በ1974 ለአገሩ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ደብዳቤ ጽፎ፣ ሌም አንድ ሰው ሳይሆን በብረት መጋረጃው ማዶ ያለ ኮሚቴ ሳይሆን አይቀርም ሲል አመለከተ። ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ ሌም በተለያዩ ዘይቤዎች መጻፉ ነው። ሌም በእርግጥም ዘይቤ የሚለዋውጥ ደራሲ ነበር፤ ግን በዚያን ዓመት በእንግሊዝኛ የነበረውን ሌም ብናስብ፣ አንዱ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ በሁለት እንግሊዛውያን፣ ሌላው ከጀርመንኛ፣ ሌሎቹ ከፖላንድኛ በካንደልና በሌሎች የተተረጎሙ ነበሩ። እኔ እንደሚመስለኝ ዲክ የኮሚቴ ድምፅ ሰምቷል፤ ኮሚቴው ግን የተርጓሚዎች ነበር። የሚያሳዝነው ሌም ከአሜሪካ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲያን ሁሉ በተለየ ያሞገሰው ዲክን መሆኑ ነው። በ1973 የክብር አባል ያደረገው የአሜሪካ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲያን ማኅበርም፣ ሌም የአሜሪካውያኑን ሥራ አጥብቆ ከነቀፈ በኋላ፣ በ1976 አባልነቱን አነሣበት።

የእንግሊዝኛ አንባቢ የፖላንድን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ከሌም ጋር አንድ አድርጎ ማየቱም ከዚሁ የትርጉም ታሪክ የመጣ ነው። ዬዢ ዡዋፍስኪ የመጀመሪያውን የጨረቃ መጽሐፉን በ1903 አሳትሞ፣ በ1911 ሦስተኛውን ጨርሶ ነበር። ሰዎች መመለሻ በሌለው ጉዞ ጨረቃ ላይ ይወርዳሉ፤ ልጆቻቸው እያነሱና ከምድር እየራቁ ሄደው፣ በመጨረሻ የተረፈውን ሽማግሌ ያመልኩታል። ሌም በልጅነቱ ያነበበውና ያደነቀው መጽሐፍ ነው። ዡዋፍስኪ በ1915 በጦርነቱ መካከል በታይፈስ ሞተ፤ ሦስቱ መጻሕፍት ተሟልተው በእንግሊዝኛ የታዩት ግን በ2020 ነው። የሌም ግዙፍ የፍልስፍና ሥራ «ሱማ ቴክኖሎጂዬ» እንኳ በ1964 ወጥቶ ዮአና ዚሊንስካ በእንግሊዝኛ እስክታወጣው ድረስ 2013ን ጠብቋል። እነዚህ መዘግየቶች ምን እንዳሳጡን ለመገመት ያስቸግራል፤ ስለ ሰው ሠራሽ ዓለምና ከሰው ስለሚበልጥ የማሽን አእምሮ ዛሬ እንደ አዲስ የሚነገረው ብዙ ነገር እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ነበርና።

አሁን ወደ ማሽኗ ልመለስ፤ ዓለምን እያጠፋች ትተናታል። ክላፓውትሲዩስ ደንግጦ አቁሚ ሲላት ብዙ ነገሮች ጠፍተዋል። መልሺ ይላታል፤ የምመልሰው በፊደሌ የሚጀምረውን ብቻ ነው ትለዋለች። በአማርኛው ቅጂዬ መከራን፣ ምቀኝነትን፣ ሙስናንና ሞትን መመለስ ትችላለች፤ የቀሩት ግን ቀሩ። ሰማዩም ከዚያ ቀን ጀምሮ በምንም እንደተበሳሳ ነው፤ በከዋክብቱ መካከል የምናየው ጨለማ ያ ነው። ከጠፉት መካከል ክላፓውትሲዩስ ስማቸውን እየጠራ የሚያለቅስላቸው ፍጥረታት አሉ። እነዚህ ስሞች በየትኛውም መዝገበ ቃላት የሉም፤ ነገሮቹ ስለጠፉ እኛ ምን እንደሆኑ ልናውቅ አንችልም። አንደኞቹን ሌም «ፕችሚ» ብሏቸዋል፣ የዋሆቹ ፕችሚ፤ በፖላንድኛ «ችማ» ማለት በመብራት ዙሪያ የምትዞረው የእሳት እራት ስለሆነች፣ ፖላንዳዊ አንባቢ ክንፍ ያለው፣ ለስላሳ፣ በምሽት የሚበር ነገር በዓይነ ልቡናው ውል ይልበታል። ካንደል «ዚትስ» አላቸው፤ በአሜሪካ የጎዳና አነጋገር ብጉር ማለት ነው። እንግሊዛዊው እዚህ ላይ ይስቃል፤ ፖላንዳዊው ግን ትንሽ ያዝናል።

ለአማርኛው ሁለቱንም የሚያደርግ ስም ፈልጌያለሁ። «ቢራቢር» ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት፤ ጠፋ እንጂ ያለ ነው የሚመስለው። «እራቶ» አልኩ፤ ይህን ደግሞ ልጄ ሰምታ የምግብ ስም ነው አለችኝ። በረቂቁ ላይ ያ ቦታ እስካሁን ባዶ ነው።